ማሽኑ ከመግባቱ በፊት፦ ድርጅታችሁ ለአውቶሜሽን መድረሱን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ሰሞኑን ሁሉም ሲስተም ይፈልጋል። የዱቄት ፋብሪካው፣ የግንባታ ዕቃ አከፋፋዩ፣ የግል ክሊኒኩ፣ የገበሬዎች ዩኒየኑ። አንዱ የክምችት ሶፍትዌር ይላል። ሌላው የጣት አሻራ ማሽን። ሦስተኛው ደግሞ ዱቄቱን መዝኖ፣ ጆንያ ሞልቶ፣ አፉን ሰፍቶ የሚያወጣ መስመር። ሻጩ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ላፕቶፑን ይከፍታል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ፕሮፎርማ ተቀብለው ሲያበቁ ለእኔ ይደወላል፦ «የትኛው ይሻላል?»

የእኔ ሥራ የድርጅቶችን የሂሳብና የንብረት አሠራር መልክ ማስያዝ ነው። ስለዚህ ከፕሮፎርማው በፊት ወረቀታቸውን ነው የማየው። እንዴት እንደማየው ልጽፍላችሁ ነው። ሥራ አስኪያጅ ሁኑ፣ የፋይናንስ ኃላፊ ሁኑ፣ የአባታችሁን ንግድ ዘመናዊ ለማድረግ የምትታገሉ ልጆች ሁኑ፣ አማካሪ ሳትቀጥሩ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ዝግጁነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መብራት፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነው። እነሱም ይታያሉ፤ እኔ ግን ወደ ኋላ ነው የማመጣቸው። መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው እዚህ ቤት ስንቱ ነገር በተቀመጠ ደንብ፣ ስንቱ ደግሞ በባለቤቱ ስልክ እንደሚወሰን ነው። ማሽን የሚገባው ደንብ ብቻ ነው። «ሀጂ ብለዋል» የሚባል ቁልፍ የለውም።

አንድ ጭነት ይዛችሁ ተጓዙ

ቢሮ ቁጭ ብላችሁ «አሠራራችን እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሚነገራችሁ መመሪያው ላይ ያለው ነው። በቢፒአር (የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) ጊዜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሥራ ፍሰት ዛሬም የሚታይባቸው ቢሮዎች አሉ፤ በእሱ የሚሠራ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይልቅ አንድ ጭነት ምረጡና ከበር እስከ ሂሳብ መዝገብ አብራችሁት ሂዱ።

የዱቄት ፋብሪካ እንውሰድ። ስንዴ የጫነ መኪና በር ላይ ይደርሳል። ጥበቃው ታርጋውን፣ የሹፌሩን ስምና ሰዓቱን ይመዘግባል። መኪናው ሚዛን ላይ ይወጣል። ናሙና ተወስዶ እርጥበቱ ይለካል። ጫኝና አውራጆች ያራግፋሉ። ባዶው መኪና እንደገና ይመዘናል። መጋዘን ያዡ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ሞዴል 19 ማለት ነው። የዕቃውን ገቢና ወጪ የሚይዘው ቢን ካርድ ላይ ይጨምራል። ኮፒው ወደ ሂሳብ ክፍል ይወጣል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው።

እየሄዳችሁ ሦስት ነገር ጻፉ። ወረቀቱን ማን ያዘው? ስንት ሰዓት ያዘው? ለሚቀጥለው ሰው እስኪደርስ የት ተቀመጠ? ብዙ የሚያሳያችሁ ይህ የመጨረሻው ነው።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። መኪናው ከወረኢሉ በኩል መጥቶ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባው ማክሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ነው። ጥበቃው በሞባይል ባትሪ እያበራ መዘገበው። ሚዛን የሚሠራው ልጅ ወጥቷል። ሹፌሩ ደግሞ ሌሊቱን መመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ ሹፌሩ ይዞት በመጣው የላኪ ወረቀት ታምኖ ማራገፍ ተጀመረ። ጫኝና አውራጆቹ የተከፈላቸው በጆንያ ቆጠራ ነው። የገቢ ደረሰኙ የተቆረጠው ረቡዕ ከሰዓት ነው፤ ምክንያቱም የሚፈርመው ሰው ጠዋት ደሴ ነበር። ሂሳብ ክፍል የደረሰው ዓርብ። በአንድ ጭነት ላይ ሦስት ቀንና ሁለት ዓይነት መጠን ተመዘገበ፤ በሚዛን የተገኘ ቁጥር ግን አንድም የለም።

ማንም አልሰረቀም። ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። እንግዲህ «ክብደት ሳይሞላ ገቢ አይቆረጥም» የሚል ሲስተም ገባ እንበል። ሌሊት የመጣው መኪና ወይ ቆሞ ያድራል፣ ወይ የክብደቱ ሳጥን ውስጥ አንድ የፈጠራ ቁጥር ይገባል። ሹፌሩ በር ላይ ሲጮህ የትኛው እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ የተሳሳተው ቁጥር በሚያምር ሪፖርት ታትሞ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በእጅ ሲጻፍ ቢያንስ ይጠረጠር ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ሶፍትዌር አይደለም። የማታ ሚዛን ሠራተኛ መመደብ ነው፣ ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አይራገፍም ብሎ ለላኪዎች አስቀድሞ ማሳወቅ። አንዱን ምረጡ። ከዚያ ሁለተኛ ጭነት ያዙና እንደገና ተጓዙ።

ሠላሳ ወረቀት አውጡ

አንድ ጉዞ መንገዱን ያሳያል። ምን ያህል ጊዜ ከመንገዱ እንደሚወጣ ለማወቅ ግን ወረቀት መቁጠር ያስፈልጋል። ካለፈው ዓመት ፋይል ሠላሳ የወጪ ሰነድ አውጡ። ጸሐፊዋ አሳምራ ያስቀመጠችውን ፋይል ብቻ አትያዙ። ገበያ የሚደራበትን ጊዜ ጨምሩ፤ የነሐሴ መጨረሻ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ከዒድ በፊት ያለው ሳምንት። ድርጅት እውነተኛ መልኩ የሚታየው ሲጣደፍ ነው።

ወረቀቶቹን ሦስት ቦታ ክፈሉ። በመጀመሪያው ክምር፣ ከጥያቄ እስከ ፊርማ በደንቡ የሄዱት። በሁለተኛው፣ ስርዝ ድልዝ ያለባቸው፣ ፊርማ የጎደላቸው፣ ቀናቸው የተምታታ። በሦስተኛው፣ አንድ ሰው ደውሎ ወይም በቃል አዝዞ የወጡት። ሦስተኛውን ለመለየት ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ መጋዘን ያዡን አጠገባችሁ አስቀምጡት። «ይሄኛው ትዝ ይልሃል?» ስትሉት ብዙዎቹ ትዝ ይሉታል።

የእኔ መስመር እንዲህ ነው። ሦስተኛው ክምር ከሠላሳው ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግዢውን አቆይ እላለሁ። በጥናት የተረጋገጠ ቁጥር አይደለም፤ በልምድ የያዝኩት ነው። ከአምስት ወረቀት አንዱ በስልክ የሚወጣበት ቤት ሲስተም ቢገዛ፣ መጋዘን ያዡ መጀመሪያ ዱቄቱን ያወጣል፣ ኮምፒውተሩን ማታ ይሞላዋል። ሁለት ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሦስተኛውን ክምር ምክንያቶች በተናጋሪው ቃል ጻፉ። «የቆየ ደንበኛ ነው።» «በአሮጌው ዋጋ ይሁንለት።» «ሠርግ ስላለበት ነው።» «መኪናው ተበላሽቶ የሌላ ሰው ጭነት ተሰጠው።» ሲደረደሩ ከአምስትና ከስድስት ዓይነት አይበልጡም። የሚደጋገሙትን ወደ ደንብ ለውጡ። ዱቤ ለማን ይፈቀዳል? እስከ ስንት ኩንታል? በስንት ቀን ይመለሳል? ባለቤቱ ከሌሉ ማን ይፈቅዳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ የዱቄት ነጋዴን በአክብሮት ጠይቄያቸው ነበር። «ሀጂ፣ እርስዎ ለሐጅ የሄዱ ጊዜ ማን ነው የሚፈቅደው?» «ስልክ አለ አይደል እንዴ ልጄ!» አሉኝ፣ እየሳቁ። ከመካ በስልክ ዱቄት የሚያስወጡ ባለቤት ባሉበት ቤት ሲስተሙ የሚፈልገው ሁለተኛ ፈቃጅ አልተወለደም ማለት ነው። ሀጂን አሳምኖ ለታላቁ ልጅ የተወሰነ ሥልጣን ማሰጠት ሶፍትዌር ከመምረጥ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ደግሞም ማንም ሻጭ አይሠራላችሁም።

የኪስ ደብተሩ

እያንዳንዱ መጋዘን ያዥ የኪስ ደብተር አለው። የለኝም የሚል ካለ አያምነንም ማለት ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ቢን ካርዱ ላይ የሌለው ነው፦ ለጎረቤት ፋብሪካ በብድር የሄደ ዱቄት፣ ያልተመለሰ ባዶ ጆንያ፣ በአይጥ የተበላ፣ ቁልፍ ለማን እንደተሰጠ፣ የትኛው ሚዛን ስንት ኪሎ እንደሚያጎድል።

ይህን ደብተር በስብሰባ አትጠይቁ። እዚህ አገር ስብሰባ ላይ የሚነገረውና ቡና ላይ የሚነገረው ይለያያል። ከሰዓት ቡና ሲፈላ አብራችሁ ተቀመጡ። አቦሉ ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል። ቶናው ላይ ስለ ሥራ ማማረር ይጀመራል። በረካው ሲደርስ ደብተሩ ራሱ ከኪስ ይወጣል። አትንጠቁ፣ ፎቶ አታንሱ፤ ዓምዶቹን ብቻ ተመልከቱ። ምን ምን ይመዘግባል? እያንዳንዱ ዓምድ ሲስተሙ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካልተሰጠው ደብተሩ ሲስተሙም ገብቶ ይቀጥላል።

ደብተሩ ላይ ያዩትን ለቅጣት የሚጠቀሙ ኃላፊዎች አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያዩት የተጠረገ ወረቀት ብቻ ነው።

ሂሳብ ክፍልም ደብተር አለው፤ የእነሱ ኤክሴል ይባላል። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ተገዝቶ እያለ የደንበኛ ቀሪ ሂሳብ በኤክሴል የሚያዝበት ቤት ሞልቷል። ለምን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ለአዲሱ ሲስተም ምን ማዘዝ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ካርዱና መደርደሪያው

የመጋዘን ፍተሻው አጭር ነው። ከካርዱ ሃያ ዕቃ ምረጡና መደርደሪያው ላይ ፈልጉ። ከዚያ በተቃራኒው ከመደርደሪያው ሃያ ዕቃ ምረጡና ካርዱን ፈልጉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። እሱ የጠፋ ዕቃ ያሳያል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ግን አያሳይም። መለዋወጫ ያለበት ክፍል ከሆነ በተለይ ሁለተኛውን አትዝለሉ። የቆየ የወፍጮ ሲሊንደር፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ ካርድ ሳይኖረው ለዓመታት ተኝቶ ታገኛላችሁ፤ በዚያው ሳምንት ያው ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ ታዝዞ ይሆናል።

ፋብሪካ ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ከ100 ኩንታል ስንዴ ስንት ዱቄት፣ ስንት ፉርሽካ ይወጣል? እንደ ስንዴው ዓይነት፣ እንደ እርጥበቱና እንደ ወፍጮው ዱቄቱ ከ70 እስከ 80 ኩንታል አካባቢ ይሆናል። ጥያቄውን ለወፍጮ ሠራተኛው፣ ለሂሳብ ሠራተኛዋና ለባለቤቱ ለየብቻ አቅርቡ። ሦስት የተለያየ ቁጥር ከመጣ፣ ሲስተሙ በየቀኑ የሌለ ዱቄት «አለ» ይላችኋል። መጀመሪያ ለአንድ ወር መዝናችሁ የራሳችሁን ቁጥር ያዙ።

ስም፣ ቀን፣ ሰዓት

ወሎ ውስጥ ሥርዓት የዘረጋ ሰው ይሄን ጣጣ ያውቀዋል። የደንበኞችን ዝርዝር ክፈቱና «መሐመድ» ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሀመድ፣ ሞሐመድ እያላችሁ ቀጥሉ። አንድ ሰው አምስት ቦታ ተመዝግቦ፣ ዕዳው አምስት ቦታ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ሦስት የተለያዩ መሐመድ ሰይዶች በአንድ ስም ተጠቃለው ይገኛሉ፤ አንዱ ከባቲ፣ አንዱ ከሐይቅ፣ አንዱ እዚሁ በርበሬ ወንዝ። ለእኛ ዐይን ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው።

ስለዚህ ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ደንበኛና ሠራተኛ ቁጥር ስጡ። ከቁጥሩ ጋር የአያት ስም፣ ስልክና ሰፈር ይያዝ። አንድ የአጻጻፍ መንገድ ምረጡና መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ለጥፉት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ከፍተሻው ሁሉ ቶሎ ጥቅሙ የሚታየው እሱ ነው። ዝርዝሩ ሲጠራ ብቻ የተረሳ ዱቤ ብቅ ይላል።

የድሮ ፋይሎቻችሁንም ፈትሹ። በቀድሞው ፓወር ግእዝ ወይም ቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ዝርዝር ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ላይሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጽሑፉን ምረጡና ፊደሉን (ፎንቱን) ናይላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩ። አማርኛው እንዳለ ከቆየ ደህና። ወደ ፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ከተለወጠ፣ ወደ ሲስተሙ ስታስገቡት ወፍ የለም። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ግን ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉት።

ቀን ሌላ ነው። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ጳጉሜን ያውቃል ወይ? የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 መጀመር ይችላል? ሪፖርቱ በኛ አቆጣጠር ይታተማል? «ይስተካከላል» ካላችሁ አሁን ፊታችሁ ያስተካክለው። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜን ለብቻ አይከፈለውም፤ የቀን ሠራተኛ ግን የሠራበት ይከፈለዋል። ይህን ልዩነት የማያውቅ የደመወዝ ሲስተም በዓመቱ መጨረሻ ጠብ ያስነሳል።

ሰዓትም አለ። የማታ ፈረቃ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት ይወጣል። ለእኛ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። የመግቢያና መውጫ ማሽኑ ግን ቀኑን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። በትክክል ካልተስተካከለ ሠራተኛው ሰኞ ገብቶ አልወጣም፣ ማክሰኞ ሳይገባ ወጣ ይላል። ለሙከራ አንድ የማታ ፈረቃ ሙሉ ሳምንት ያስገቡላችሁና ውጤቱን ተመልከቱ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጣት አሻራ። ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ጣቱ ይሻክራል፤ አሻራውን ማሽኑ ላያነበው ይችላል። ከጫኝና አውራጆች አሥሩን አምጥታችሁ ሳትገዙ ፈትኑ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሰዓትም አለ። ኮምቦልቻ ላይ ግማሽ ፈረቃው መስጊድ ሄዶ ማሽኑ «ቀሪ» ሲል ምን ሊፈጠር እንደሚችል አልነግራችሁም። ደግሞ የጣት አሻራ የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ማን እንደሚያየውና የት እንደሚቀመጥ መመለስ አለባችሁ።

አንድ ሂሳብ ለሦስት ሰው

ደንባችሁ የታወቀ መሆኑን ለመፈተን እኔ የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። አንድ ጥያቄ ለሦስት ሰው ለየብቻ ስጡ። የሰው ኃይል ኃላፊ፣ የደመወዝ ሠራተኛ፣ የፈረቃ አለቃ። «አንድ ሠራተኛ በሥራ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠራ። የስንት ሰዓት ክፍያ ይገባዋል?»

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5 ይባዛል። ከ4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75። ሁለቱ ሰዓት 3 ይሆናል፣ አንዱ 1.75፤ ድምሩ 4.75። በሳምንት እረፍት ቀን ማባዣው 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ሦስቱ ሰዎች ተመሳሳይ መልስ ካመጡ ደመወዙን ወደ ማሽን ለማዞር ደርሳችኋል። አንዱ 4.5፣ አንዱ 4.75፣ ሌላው «እኛ ለሁሉም እኩል ነው የምንሰጠው» ካለ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ። ሶፍትዌሩ የሻጩን ግምት ይዞ ይመጣል። እናንተም የራሳችሁ ደንብ እስኪመስላችሁ ትለምዱታላችሁ።

ይህን ዘዴ ለዱቤ፣ ለቅናሽ፣ ለተመላሽ ዕቃም ተጠቀሙበት።

መብራት፣ ኔትወርክ፣ ጥገና

እዚህ ላይ አላረዝምም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ቆጣሪው አጠገብ ደብተር ስቀሉና ለአንድ ወር መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝግቡ። ኔትወርኩንም እንደዚሁ። «ብዙ ይጠፋል» የሚል ንግግር ለሻጭ አይጠቅመውም። «በቀን እስከ ሁለት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት» ካላችሁት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) እና ጄኔሬተር ማስላት ይቻላል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም፣ መዝግቦ ቆይቶ በኋላ የሚልክ መሆኑን ጠይቁ።

ባክአፕ ከከተማው ውጪ ይኑር። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ኮምፒውተራቸውንም ፋይላቸውንም አንድ ላይ ያጡ ቢሮዎችን እናውቃለን። ኮፒው እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ ባክአፕ አትበሉት።

ጥገናውን ማን ነው የሚያደርገው? ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ባለሙያው ነገ ቢነሳ እንኳ የናንተ መስመር ዛሬ ቆሟል። እዚሁ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራቂዎች አሉ። አንድ ሁለቱን ከመጀመሪያው ተከላ ጀምሮ አብረው እንዲሠሩ አድርጉ። ሁለት ሰው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሠለጠነ ልጅ የተሻለ ደመወዝ ባገኘ ማግስት ይሄዳል፤ አይፈረድበትም።

ሰዎቹ ምን ያጣሉ?

ማሽን ይመጣል የሚል ወሬ ሥራ አስኪያጁ ከመናገሩ በፊት በር ላይ ይደርሳል። ሠራተኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እኔስ?» መልሱን ሳታዘጋጁ ሻጭ ወደ ግቢ አታስገቡ። የጆንያ መሙያ መስመር ከገባ የስንት ሰው ሥራ ይቀራል? የት ይዛወራሉ? ትርፍ ሰዓት የሚቀርበት ሰው ወርሃዊ ገቢው በስንት ይቀንሳል? እነዚህን በስም ዝርዝር ጻፉ። «ማንም አይቀነስም» ብላችሁ ከሦስት ወር በኋላ ብትቀንሱ፣ የቀሩት ሰዎች ሲስተሙ እንዲሠራ አይረዷችሁም። ማደናቀፍ ከባድ አይደለም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።

ሥልጣን የሚያጣም አለ። ሃያ ዓመት መጋዘን የያዙ እትዬ፣ ሁሉም ሰው «የት ነው ያለው?» ብሎ የሚጠይቃቸው፣ ከነገ ጀምሮ ማንም በስክሪን ያየዋል። እሳቸውን አስቀድማችሁ የዕቃ ዝርዝሩ ባለቤት አድርጓቸው። ዕቃውን በትክክለኛ ስሙ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ብሩ

ዋጋ ስትጠይቁ የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ አትዩ። ዓመታዊ ፈቃድ በዶላር ከሆነ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያለውን አስታውሱ። የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሉን በብር አድርጉ፤ ካልተቻለ ጣሪያ ይኑረው። ሥልጠና፣ መለዋወጫ፣ የመረጃ ማጥራት ሥራ፣ የዩፒኤስ ባትሪ፣ የባለሙያ አበልና ትራንስፖርት፣ ሁሉም ይደመር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ተጨማሪ በጀት መለመን ያሳፍራል።

ሽያጭን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና ሶፍትዌር ዕውቅና ያስፈልገዋል። ሻጩ «ችግር የለውም» ስላለ እንዳትሸወዱ። ቅጣቱ የሚመጣው በናንተ ስም ነው።

ከወሰናችሁ በኋላ

ይህን ሁሉ አይታችሁ አልደረስንም ካላችሁ ችግር የለም። የሚዛን ሠራተኛ መድቡ፣ የዱቤ ጣሪያ አውጡ፣ ስሞቹን አጥሩ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሠላሳ ወረቀት እንደገና አውጡ። አንዳንዱ ቤት እዚህ ደርሶ ሲስተሙን ራሱ ይተወዋል፤ ችግሩ ተፈትቷላ።

ደርሰናል ካላችሁ በአንድ ሥራ ጀምሩ። ገቢ ዕቃ ብቻ፣ ወይም ደመወዝ ብቻ። ሰኔና ሐምሌን አስወግዱ፤ ሂሳብ መዝጊያና ቆጠራ ነው። የበዓል ዋዜማንም እንደዚሁ። ጥቅምትና ኅዳር ለእኔ ይመቹኛል። ለሁለት ወር ወረቀቱና ሲስተሙ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቁጥራቸው ይነጻጸር። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ መነሻ ልክ ያዙ። ለምሳሌ መኪና በር ከደረሰበት እስከ ገቢ ደረሰኝ መፈረሚያው በአማካይ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መነሻው ከሌለ በዓመቱ «ተሻሽሏል ወይ?» ሲባል የሚቀርበው አስተያየት ብቻ ይሆናል።

ውሉ ላይ ደግሞ ሁለት አንቀጽ አስገቡ። አንደኛ፣ በሁለቱ ወር ሙከራ የሳምንቱ ልዩነት ከተስማማችሁበት ቁጥር ካለፈ ቀሪው ክፍያ እንደማይከፈል። ሁለተኛ፣ ውሉ ሲቋረጥ መረጃችሁን በሙሉ በኤክሴል ፋይል፣ በዩኒኮድ አማርኛ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስረክብ። ሁለተኛውን ሻጩ ሊያልፈው ይሞክራል። ከመፈረማችሁ በፊት የናሙና ፋይል አውጥቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉና ፊደሉን ወደ ናይላ ቀይራችሁ ፈትሹት።